ስምንት መቶ ሃያ አራት ከግማሽ

ቆጣሪው የሚባለው ሰው በመፈተሻ ክፍሉ ወለል ላይ በጎኑ ወድቆ፣ ሞቶ ተገኘ። ሰፈሩ ይህን ቅጽል ያወጣለት ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጥር ስለኖረ ነው። ድራይቭ የሚባለው የኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ በመነበብ ብዙም አይጎዳም፤ በተጻፈበት ቁጥር ግን ትንሽ ትንሽ ያልቃል። የእሱ ሥራ አንዱን ድራይቭ ያለ ዕረፍት እያስጻፈ መቼ እንደሚሞት ማወቅ ነበር። ሲቆጥር እዚያው ማደር ስለሚያዘወትር ሚስቱ ማታ አልጠበቀችውም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቷን ይበላታል።

ሐኪሙ «ኤሌክትሪክ ነው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ» ብሎ ሄደ።

መርማሪዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረሰች። ሽበታም፣ ለወሬ የማትቸኩል ሴት ናት። ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ቴክኒሻኗ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ቆመዋል። ድራይቩ ግን አሁንም ይጽፋል።

«ይህን ለድራይቩ መብራት የሚሰጥ ፓወር ሳፕላይ ማን ገጠመው?»

«እኔ» አለች ቴክኒሻኗ፤ ዓይኗ አብጧል። «ሽቦው ተልጦ ነበር። ዛሬ እስክቀይረው እንዳይነኩት ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ደግሞ ሰው ሲይዘው የሚቆርጥ ብሬከር አለ ብዬ ተማመንኩ። እጄ ነው የገደላቸው።»

«ይኸው፣ ራሷ ተናገረች!» አለ ወንድምየው። «እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ወንድምጋሼ ወድቋል። ምንም ሳልነካ ወዲያው ለፖሊስ ደወልኩ። ፈተናው እንኳ ለአፍታ አልቆመም።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ።

«ቀስ በል ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው መርማሪዋ።

የብሬከሩን ሳጥን ከፈተች። ብሎኖቹ ላይ አዲስ ጭረት አለ። ከመግቢያው እስከ መውጫው ድረስ አቧራ ያልነካው ቀጭን መስመር ይታያል። ቀጥላ የሟቹን ደብተር ገለጠች፤ የመጨረሻው መስመር «ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ 812 ቴራባይት፤ መብራት የተቋረጠ 3 ጊዜ» ይላል።

«በሰዓት ስንት ይጽፋል?»

«አንድ ቴራባይት» አለች ቴክኒሻኗ። «ዝንፍ አይልም።»

«የድራይቩን የራሱን መዝገብ አሳዪኝ።»

ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሮቹን አነበበችና ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ድራይቩ ሆዱ ውስጥ የያዘውን ማንም አልነካበትም» አለች። «መብራት የተቋረጠብኝ አራት ጊዜ ነው ይላል። አራተኛው ሲቋረጥ ስምንት መቶ ሃያ አራት ከግማሽ ላይ ነበር። ከደብተሩ በኋላ አሥራ ሁለት ቴራባይት ተኩል ጽፏል፤ ስለዚህ የጠፋው ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። አሁን ስምንት መቶ ሃያ ስድስት ከግማሽ ደርሷል። ሁለት ሰዓት ወደኋላ ብንሄድ፣ መልሶ የበራው አንድ ሰዓት ላይ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ወንድምየው።

«ብሬከሩ ቢሠራ ኖሮ ማታውኑ ይቆርጥ ነበር፤ ድራይቩም ጠፍቶ ያድር ነበር። ግን ፈተናው እንዳይቋረጥ አንድ ሰው መብራቱ ብሬከሩን ዘሎ እንዲያልፍ ሽቦ አገናኝቶበታል። ጠዋት ያን ሽቦ ለማውጣት መብራቱን አጠፋ። ያኔ ቴክኒሻኗ የሠራተኛ አውቶቡስ ውስጥ ነበረች፤ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመጣ በር የከፈተላት ፖሊስ ነው። የበሩ ቁልፍ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ከሟቹ ኪስ ተገኝቷል፤ ሌላው አንተ ጋ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም ወንድሜ። ለምን መልሰህ አስጀመርከው?»

ወንድምየው ሁለት ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ።

«ድራይቭ ካረፈ ያገግማል፤ ልኬቱ ይዛባል። ብሬከሩ ሦስት ጊዜ በከንቱ ቆረጠበት። በሦስተኛው ወንድምጋሼ አለቀሰ። በሰላም ይጨርስ ብዬ ነው፣ ሳልነግረው ያገናኘሁት። ጠዋት ደግሞ ልፋቱ አብሮት እንዳይሞት ብዬ… ጠፍቶ ልተወው ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

ያሳዝናል፤ ውሸት አልነበረበትም። መርማሪዋ ራሷ ፊቷን አዞረች።

የሟቹ ሚስት ተነሥታ ቴክኒሻኗን እቅፍ አደረገቻት፤ ከዚያ ወደ ዋርሳዋ ዞረች።

«ባሌን የገደልከው ሳታውቅ ነው። እሱን አብረን እናለቅሰው ነበር። ይቺ የሰው ልጅ ግን ካቴና ሲወጣላት እያየህ ዝም አልክ። ይህንንስ ሳታውቅ ነው ልበል?»

ወንድምየው ሁለት እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ።