የጥጥ ሑጃጆች

«ፈሪድን መካ አይተውታል አሉ!»

እትዬ ኡሙልኸይር ይህን ሲናገሩ የግቢውን በር ገና አልፈው አልገቡም። ሂባ ቀና አላለችም። ከሰል ላይ ያጋለችውን ምስማር በጨርቅ ይዛ ሽቦ እየበየደች ነበር፤ ሽቦው ከቦታው ትንሽ ከተንሸራተተ የለፋችበት ሁሉ ይበላሻል። ወሬውን ደግሞ በቃሏ ታውቀዋለች። ወንድሟ ፈሪድ መስከረም ላይ የመካውን መስጊድ፣ የሐረሙን ወለል ሲጠርግ ታየ። ጥር ላይ ዩኒፎርም ለብሶ ታየ። ረመዳን ላይ ወፍሮ ታየ። በዚህ አያያዙ ለከርሞ ኢማም ሆኖ መታየቱ አይቀርም።

«ማን ነው ያየው፣ እትዬ?»

«የወንድሜ ልጅ በድረዲን ነዋ! አሁን ከሳዑዲ መልሰውታል፤ ነገ ለዐረፋ እዚሁ ኮቦ ነው። ራስሽ ትጠይቂዋለሽ።»

«ለመሆኑ እሱ ራሱ መካን አይቷታል?»

«ወይ ምላስ! አንቺን የሚያገባውን ሰው አላህ ይርዳው።»

ከቤት ውስጥ የእናቷ የነሲባ ድምፅ መጣ። «ተያት፣ ኡሙልኸይር። ግቢና ደግመሽ ንገሪኝ።»

ፈሪድ የሄደው ባለፈው ዐረፋ ማግስት ነው። ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከጎረቤት ከተማ ከሮቢት ልጆች ጋር በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልደወለም። ሰፈሩ ለዚህም መልስ አያጣም። ስልኩን ቀምተውት ነው። ወረቀት ስለሌለው ፈርቶ ነው። እናቷ በረመዳን ምሽት ምሽት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ካዕባን ከሚዞረው ሕዝብ መሀል ልጇን ስትፈልግ ትቆይ ነበር። «ይቺ ትከሻ የእሱ አይደለችም?» ትላለች። ሂባ አይደለችም እንዳትል ሻይ ልታፈላ ትነሣለች። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በኃይል መጣና ቴሌቪዥኑን አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ እናቷ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። የቀረበላትን ትነካካለች እንጂ አትበላም።

ሂባ ካዕባን ልሥራ ያለችው ለዚህ ነው። ቆሞ የሚታይ ሳይሆን ሑጃጁ የሚዞርበት።

ማንም አላስተማራትም። የፊዚክስ መምህራቸው ኤሌክትሪክን የሚያውቁት በጠመኔ ሥለው ነው፤ እሷ የምታውቀው የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ ሆዱን ከፍታ ነው። ካዕባውን ከጫማ ካርቶን ሠርታ የድሮ ጥቁር ሻርፗን አለበሰችው፤ ቀበቶውን ከማስቲካ ወርቃማ ወረቀት አደረገችለት። ዙሪያውን የሚሽከረከር ክብ ካርቶን ገጠመች። የቀረው የሚያዞረው ዲናሞ ነበር። እሱን ያገኘችው ማንም እንዳይነካው ከተባለው ከፈሪድ ክፍል ነው፤ የቬንትሌተሩን አንገት የምታዞረውን ትንሿን ዲናሞ ፈታ ወሰደች። ቬንትሌተሩ አሁንም ይነፍሳል፤ አንገቱ ግን ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

ሑጃጁን የምትሠራው የእትዬ ኡሙልኸይር ልጅ፣ ጓደኛዋ ሀናን ናት። ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ እየጠቀለለች ትደረድራለች።

«ፊት እኮ የላቸውም፣ ሂባ።»

«እንኳን አልኖራቸው። አንዱን አገባለሁ ትይ ነበር።»

«እናትሽስ ፊት ስትፈልግ?»

 ሂባ ምስማሩን መልሳ ከሰሉ ውስጥ ከተተችው።

በዐረፋ ጠዋት ሰው ከሶላት ሲመለስ ግቢው ሞላ። የመድረሳው ሼህ ዘካሪያስ ሳይቀሩ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። እናቷ ወጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሂባ ሶኬቱን ሰካች። ጥጦቹ ተነሡ፤ በጥቁሩ ካርቶን ዙሪያ ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ። እናቷ ወደፊት አጎነበሰች። አፏ ትንሽ ተከፍቶ ነበር።

መብራት ጠፋ።

«ለዐረፋ እንኳ አይምሩን!» አለ አንዱ ከኋላ።

መብራቱ ሲመለስ ሑጃጁም ተነሡ። ሼህ ዘካሪያስ ግን ከዘራቸውን አነሡ። «አቁሚው፣ ልጄ። ተዋፍ ሲደረግ ካዕባን የሚዞሩት በግራ አድርገው ነው። እነዚህ በቀኝ አድርገውት ነው የሚሄዱት።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እናቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለምን ወደ ኋላ ሄዱ? ሂባ፣ ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም፣ እማ። ሽቦ ነው።»

ሽቦውን አገላበጠችው። ያው ሆነ። መልሳ ሰካችው፤ ተስተካከለ። ለማረጋገጥ ነቅላ ስትሰካው እንደገና ወደ ኋላ ዞረ። ጆሮዋ ጋለ። በመጨረሻ ስትሰካው ካርቶኑን በጣቷ ገፋ ካደረገችው እንደሚታዘዝ ደረሰችበት። ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ያላወቁትን እንዳወቁ ሆኖ መቆም ግን ታውቅበታለች።

«ማሻአላህ፣ አሁን ሆነ» አሉ ሼሁ።

ለእናቷ ግን አልሆነም። «ምልክት ነው» አለች በለሆሳስ። «ልጄ አንድ ነገር ሆኗል።» ተነሥታ ገባች። ጎረቤት የላከላት ሥጋ እንደተከደነ ቆመ።

በድረዲን የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቶታል። እትዬ ኡሙልኸይር እጁን እየጎተቱ ሲገቡ ሂባ ቀድማ ይዛው ከአጥሩ ጥግ አቆመችው።

«መካ ደርሰህ ነበር?»

«እኔ? ገና ሳዑዲ ድንበር፣ ጂዛን ላይ ተይዤ እስር ቤት ነው የከረምኩት። መካንማ እኔም እንዳንቺ በቴሌቪዥን ነው የማውቃት።»

«ታዲያ ፈሪድን አየሁት ያልከው?»

«መንገድ ላይ አብረን ነበርን ነው ያልኩት። መካን የጨመረችበት አክስቴ ናት። ስሚኝ ሂባ፣ ፈሪድ እኮ…»

«በቃ!»

የሚቀጥለውን ታውቀዋለች። በዚህ አገር ልጁን ወደዚያ የላከ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጀልባ አለበት፣ ባሕር አለበት። በጆሮዋ እንዲገባ አልፈለገችም።

«ለእኔ አትንገረኝ። ገብተህ መካ አየሁት በላት።»

«በዐረፋ ቀን ልዋሽ?»

«ውሸቱን አክስትህ ጀምራዋለች። አንተ ጨርሰው። ዛሬ ትብላ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በድረዲን የሰፋውን ሸሚዝ ሱሪው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ገባ።

እናቷ ክንዱን ይዛ ወደ ካዕባው አወጣችው። «አየኸው?»

«አየሁት፣ እትዬ ነሲባ።»

«በየት በኩል?»

በድረዲን ካርቶኑን አየ፤ ሂባን አየ። ጣቱን በጥቁሩ ጨርቅ ጥግ ላይ አደረገ። «እዚህ ጋ። ወለል ሲጠርግ።»

«ከስቷል?»

«አልከሳም።»

እናቷ ከሚያልፉት ጥጦች አንዱን መረጠች። ጣቷን ሳታስነካው ከእሱ ጋር አዞረች፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ። ከዚያ እልል አለች። እትዬ ኡሙልኸይር ተቀበሏት፤ ከአጥሩ ማዶ ሌሎች ሴቶች ተቀበሉ። ወሬው ግቢውን ለቆ ወጣ፤ እስከ ገበያው ድረስ የሚያቆመው አልነበረም። እናቷ የተከደነውን ሥጋ ከፈተችና ቆማ መብላት ጀመረች። «ይሄንን እንዳታፈርሺብኝ» አለች አፏ ሞልቶ። «አልጋዬ አጠገብ ይቀመጥ።»

ሂባ በድረዲንን እስከ በሩ ሸኘችው።

«አመሰግናለሁ» አለችው። ቃሉ ከአፏ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው።

እሱ ግን አልሄደም። «ያቋረጥሽኝን ልጨርስ።»

«ሰምጧል። አውቃለሁ።»

«ሰመጠ ማን አለሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጅቡቲ ዳርቻ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባው ሲመጣ ፈሪድ አልተሳፈረም። ‹እማን ጥዬ አልሄድም› አለ። አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ፣ ብቻውን፣ በዚያ በረሃ በእግሩ ወደ ኮቦ መንገድ ጀመረ።»

ከግቢው እንደገና እልልታ ተሰማ።

«መቼ?» አለች ሂባ።

«ባለፈው ሐምሌ። ዓመት ሊሆነው ነው።»