ያጠረው ፔዳል

መርማሪው ጋራዡ ውስጥ እንደገባ መጀመሪያ የፈለገው መቀመጫ ነበር። እንቅልፍ ካየ ሰነባብቷል። ሬሳው ተነስቷል። መካኒኩ በገዛ እጁ በሠራት፣ ገና ቀለም ባልነካት መኪና አፍንጫና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቆ ነው የሞተው። መሪው ላይ የነበረችው ሚስቱ ናት።

«የገደልኩት እኔ ነኝ፤» አለችው። «ሌላ ሰው አይጠየቅ።»

«እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«የእጅ ፍሬን ስላልተገጠመላት አንደኛ ማርሽ አስገብተን ነው የምናቆማት። እሱ ከፊቷ ሆኖ ሞተሩን እያየ ‹ፍሪሲዮን ረግጠሽ አስነሺ› አለኝ። እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ቁልፉን ሳዞር ዘለለች።»

«እግሯ ሸርተት ብሎ ይሆናል፤» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም ቀና ሳይል። «አይፈረድባትም።»

ለማጽናናት የሚቸኩል ሰው መርማሪውን ያደክመዋል። ወደ ጋራዡ በያጅ ዞረ፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው።

«ጠዋት ወደ ውስጥ ያስገባት ማነው?»

«እሱ ራሱ፣ ነፍሱን ይማረው። ማርሹ ኮሽ ሳይል ነበር የሚገባው። እሱ እንደወረደ እኔ፣ ብትገለበጥ ጣሪያዋ እንዳይደፈጠጥ፣ ከውጭ ቆሜ ውስጧን በብረት ዘንግ አጠርኩ።»

«ከዚያ ወዲህ ገብተሃል?»

«በዚህ ሆድ? በይጄ በይጄ ራሴን ውጭ አስቀረሁ እኮ።»

መርማሪው አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አስነሳ። እየተነፈሰ በዘንጎቹ መካከል ሾልኮ ገባና አንደኛ ማርሽ እንደገባ የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስኪቆም ረገጠ። በያጁ ጎማውን ታገለው፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ መርማሪው በጀርባው ተኝቶ ከፔዳሉ ሥር በባትሪ ሲያይ ቆየ። ሲወጣ ሦስቱንም መኪናዋ አጠገብ ሰበሰባቸው።

«ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩን ከጎማው መለየት አለበት። ይሄ አይለይም። ፔዳሉ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚያቆመው ቡሎን ተፈትቶ ረዝሟል፤ መንገዱን ሳይጨርስ ያስቀረዋል። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ረግጠዋል። መጨረሻው ነው ያጠረው። ጠዋት እንዲህ ቢሆን ኖሮ ማርሹ ይንቋቋ ነበር፤ ስለዚህ የተነካው ከዚያ በኋላ ነው። ሟቹ ነክቶት ቢሆን ሳይሞክረው ከፊቷ አይቆምም። በያጁ አይሾልክም። እሳቸው ሆን ብለው አድርገውት ቢሆን ‹ሸርተት ብሎ ነው› የሚለውን ሰበብ አፈፍ ያደርጉት ነበር።» ወደ ወንድምየው ዞረ። «የቀረኸው አንተ ነህ።»

ወንድምየው ለመካድም አቅም አልነበረውም። «ልገድለው አልነበረም። ከሰዓት መኪናዋን ያዘዛት ደንበኛ ሊነዳት ሊመጣ ነበር። ማርሹ እምቢ ብሎ ሰው ፊት እንዲያፍር ነው የፈለግሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ‹አቀብለኝ› ከማለት በቀር አናግሮኝ አያውቅም።»

«ገደልኩት እያልኩ ስጮህ አጠገቤ ነበርክ፤» አለች ሚስትየው። «ውሃ አጠጣኸኝ።»

«አዎ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ወደ መርማሪው ዞረች።

«ረግጬ ነበር ማለት ነው?»

«እስከ መጨረሻው፣ እህቴ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እግሯ ሳይሆን ስለ እሱ አለቀሰች።