ያጣሽውን ብቻ

ሳጅን ዶውስ እስክሪብቶዋን አነሳችና በወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ቀጭን ሰረዝ አሰመረች።

«ይሄኛው አይቻልም፣ ወይዘሮ አሊሰን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የቱ ነው የማይቻለው?»

«‹ዕድሜዋን ሙሉ እስር ቤት ትማቅቅ› የሚለው። ቅጣቱን የምትወስነው ዳኛዋ ናት። የሟች ቤተሰብ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚናገረው ያጣውን ብቻ ነው። ስለ እስር አንድም ቃል ሊኖርበት አይገባም።»

«እና እኛ እዚያ የምንሄደው ልናለቅስላቸው ነው?»

ሳጅኗ ይህን ጥያቄ ከብዙ እናቶች እንደሰማችው ከፊቷ ያስታውቃል። ቲሊ ከዋና መልስ ፀጉሯ እንደረጠበ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጣ ነበር። ከነገ ወዲያ ወረቀቱን ዳኛዋ ፊት የምታነበው እሷ ናት። እናቷ ሞክራ ሞክራ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ እየተቆረጠ አልሆነላትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች ቲሊ። «‹እንድትታሰር አልፈልግም› ብሎ መጻፍስ ይቻላል?»

ሳጅን ዶውስ እናትየውን አየት አድርጋ ወደ ቲሊ ዞረች። «እሱም አይቻልም፣ የኔ ቆንጆ። ትታሰርም ማለት፣ አትታሰርም ማለት ያው ነው። ያጣሽውን ብቻ ጻፊ።»

«ለምንድነው የጠየቅሽው?» አለች እናቷ።

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፣ ማቲልዳ።»

እናቷ ሙሉ ስሟን የምትጠራው ስትቆጣ ነው።

የቲሊ አያት ሞሪን የሞተችው ባለፈው ጥቅምት፣ በጠራ ቀን ነው። እንደ ልማዷ ከገበያ በብስክሌቷ እየተመለሰች ነበር። በቀለበት መንገዱ ላይ የጭነት መኪኖቹን ስለምትፈራ ሁልጊዜ በእግረኛው መንገድ ላይ ነበር የምትነዳው። ከፊት ለፊቷ ኢቮን ፔገት መጣች። ኢቮን ከተወለደች ጀምሮ ግራ እግሯ የሚጎተት፣ ግራ እጇ የማይዘረጋ፣ ግራ ዓይኗ የማያይ ሴት ናት። ብስክሌቱ ሲቀርባት ደህናውን እጇን አንስታ «ውረጂ! ውረጂ ከዚህ!» ብላ ጮኸች። ሞሪን መሪዋን ወደ ጎን ጠመዘዘች፤ ከጠርዙ ተንሸራትታም አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ከኋላ የመጣችው ባለመኪና ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አላገኘችም።

ኢቮን በሞሪን ሞት ተከሰሰች፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ንግግር ነው። በዚያ መንገድ ብስክሌት ይፈቀዳል አይፈቀድም በሚለው ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬና ፖሊሶቹ ፍርድ ቤት ቆመው ተጨቃጨቁ፤ እርግጠኛ የሆነ አልተገኘም። ዐቃቤ ሕጉ ሴትዮዋ ያንን ያደረገችው በቁጣ ነው አለ። ጠበቃዋ በፍርሃት ነው አለ። ማስረጃው የአንድ ሱቅ ካሜራ የቀረጸው ምስል ነው፤ ካሜራው ደግሞ ያየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ጥፋተኛ ናት አይደለችም ብለው እንዲወስኑ ከሕዝቡ የተመረጡት አሥራ ሁለቱ የሸንጎ ሰዎች ተማከሩና ጥፋተኛ ናት ብለው ወጡ። የቀረው ቅጣቱ ነው።

ምስሉ በየልጁ ስልክ ውስጥ ገባ። የትምህርት ቤት ወንዶች በኮሪደሩ እግራቸውን እየጎተቱ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ «ውረጂ ከዚህ!» ይባባላሉ። አንድ ቀን ቲሊ ሽንት ቤት ገብታ አስመለሳት።

«አቦ ተያቸው» አለቻት ጓደኛዋ ጄስ ጀርባዋን እያሻሸች። «ሙድ የሚይዙት በሴትዮዋ ነው። ላንቺ ብለው እኮ ነው።»

«ለኔ ብለው ከሆነ ይተዉት።»

ለጄስም ቢሆን ያልነገረቻት ነገር ነበር።

ባለፈው ወር ነው። ቲሊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ጋ ኢቮን ፔገትን አየቻት። ቅጣቱ እስኪነገር በዋስ ተለቃ እቤቷ ነበረች። ከሩቅ የለየቻት በአረማመዷ ነው። ቲሊ ለዚህች ሴት የምትናገረውን ስታጠና ከርማለች፤ «ደስ አለሽ?» ልትላት። ሌላ ምንም አትጨምርም። ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

አፏን ሳትከፍት ምግብ የሚያደርስ ልጅ ሳጥኑን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌት በእግረኛው መንገድ ከግራ በኩል ብቅ አለ። ኢቮን ያወቀችው አጠገቧ ሲደርስ ነው። ከግድግዳው ጋር ተለጠፈች። እጇ ወደ ላይ ተነሣ፤ ያው ምስሉ ላይ ያለው እጅ። «ውረድ! ውረድ ከዚህ!»

ልጁ «አንቺ አሮጊት እብድ» ብሏት እየነዳ ሄደ። የወደቀ የለም። የሞተ የለም።

ቲሊ ግን የኢቮንን ፊት አየችው። አፏ ተከፍቶ ቀርቷል፤ አገጯ ይንቀጠቀጣል፤ ደህናው ዓይኗ ማንንም የሚያይ አይመስልም። እጇ እንደተነሣ ቀርቶ ራሷ ማውረዱን የረሳችው ይመስል ነበር። ከዚያ እየዳበሰች የቲሊን እጅጌ ያዘች።

«ነካሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

«አልነካኝም» አለች ቲሊ።

«በዚህ በኩል አይታየኝም እኮ። ድንገት ነው የሚመጡብኝ። እኔ ሰው ላይ መጮህ አልፈልግም፤ እንዳትጮኺ ብለውኛል። አፌ ነው የሚቀድመኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሰባት ቁጥር ሲመጣ ትነግሪኛለሽ?»

ሰባት ቁጥር መጣ። ቲሊ ነገረቻት። ደረጃው ከፍ ያለ ስለነበር ክርኗን ይዛ አሳፈረቻት። አውቶቡሱ ሲሄድ «ደስ አለሽ?» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ እንዳለ ነበር።

ችሎቱ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ቲሊ የሞሪን ባል የሆነው አያቷ ቤት ሄደች። አያቷ በጓሮው የዕቃ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ፖሊስ የመለሰለትን የሞሪንን ብስክሌት ሰንሰለት ቅባት ይቀባል። የፊት ጎማው ተጣሞ እንዳለ ነው፤ ወደፊትም የሚነዳው የለም።

«አባባ፣ ለምንድነው የምትቀባው?»

«ዝገት አልወድም።»

ተገልብጦ ከተቀመጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። የአውቶቡሱን ነገር ነገረችው። ስትጨርስ ጣቶቹን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አልተወም።

«ብትታሰር ደስ ይልሃል?» አለችው።

«አይለኝም። ባትታሰርም አይለኝም።» ጨርቁን አጠፈው። «ሸንጎው ጥፋተኛ ናት ሲል እናትሽ ደውላ ነገረችኝ። ስልኩን ዘጋሁና ወጥ ቤት ገባሁ። ሞሪን የለችም። ያው የለችም።»

«ፍትሕ ነው ግን?»

«እኔ ጡረታ የወጣሁ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ ልጄ። ቧንቧ ሲያፈስ ቀዳዳውን ፈልጌ እደፍን ነበር። የዚህን ቀዳዳ ግን አላገኘሁትም። ሴትዮዋ ትሁን፣ መንገዱ ይሁን፣ ሞሪን ራሷ ትሁን... እናትሽ አንድ ቦታ ካልደፈነች መቆም አትችልም። አልፈርድባትም።»

«ብናገር ትጠላኛለች።»

«ታዝንብሻለች። መጥላት ሌላ ነው።»

«አንተ ነገ አትመጣም?»

«ምን ልሠራ? ሞሪን እዚያ የለችም።»

ፍርድ ቤቱ ቲሊ ከጠበቀችው ያነሰ ነበር። ኢቮን ፔገት በመስታወት የታጠረው የተከሳሽ ቦታ ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባቂ አጠገብ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ለዛሬ የተሠራችው ይመስላል። ወንድሟ ኮሊን የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ነበር።

ቲሊ ተጠርታ ቆመች። ድምፅዋ ወጣላት።

«አያቴ ሞሪን ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አሳና ድንች ጥብስ ትገዛልኝ ነበር። ስንበላ ካርታ እንጫወታለን። አያቴ ካርታ ታጭበረብራለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጭበርብራኛለች፤ አንድም ቀን አልያዝኳትም። እንዴት እንደምታደርገው አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላሽ እነግርሻለሁ ብላኝ ነበር። ከሞተች በኋላ አሥራ አምስት ሞላኝ።»

ከመስታወቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አጭር፣ ከልብ የመጣ ሳቅ ነበር፤ ስለ ካርታው ነው። ኢቮን ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። የቲሊ እናት አንገቷ ድረስ ቀላች።

ቲሊ ንባቧን ቀጠለች። ኢቮን ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ደህናውን ዓይኗን ወደ ድምፁ አዞረች። ከዚያ ለጠባቂዋ፣ በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» አለቻት። «አውቶቡስ ያሳፈረችኝ ናት። ጥሩ ልጅ ናት።»

«ጸጥታ» አለች ዳኛዋ።

ቲሊ የቀሩትን ሁለት መስመሮች እንዴት እንዳነበበቻቸው አታውቅም።

ዳኛዋ ሳትቸኩል ተናገረች። የተከሳሿን የአካል ጉዳት ከግምት እንዳስገባች፣ ከዚህ በፊት ጥፋት እንደሌለባት፣ ብቻዋን እንደምትኖር አስረዳች። «ነገር ግን» አለች፣ «ይህ የድንጋጤ ሥራ አልነበረም። ቁጣ ነበር።» ሁለት ዓመት ተኩል ፈረደችባት።

የቲሊ እናት ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ጠባቂዋ ኢቮንን ክንዷን ይዛ አስነሣቻት።

«ዛሬ ነው?» አለች ኢቮን። ዙሪያዋን ስታይ ቆይታ ወንድሟን ፈለገች፤ አላገኘችውም፤ በማያየው ዓይኗ በኩል ነበር። «ኮሊን፣ የቤቱን ማሞቂያ አላጠፋሁትም እኮ። እመለሳለሁ ብዬ ነው።»

«አጠፋዋለሁ» አለ ኮሊን። «አታስቢ፣ አጠፋዋለሁ።»

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ሳጅን ዶውስ ጨብጣቸው ሄደች። እናቷ የቲሊን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለስ አደረገችላት። «ጎበዝ ልጅ» አለቻት። «አያትሽ ትኮራብሽ ነበር። ግን ስታነቢ ሴትዮዋ ምንድነው ያለችው? አውቶቡስ ምናምን። ተምታቶባት ነው አይደል?»

መልሱን እናቷ ራሷ አዘጋጅታ ሰጥታታለች። ራስን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

«አልተምታታባትም» አለች ቲሊ።

ሁሉንም ነገረቻት። ብስክሌተኛውን፣ የተነሣውን እጅ፣ የተያዘውን እጅጌ።

«ክርኗን ያዝሽ?» አለች እናቷ።

«አዎ።»

«የሷን?»

«ልትወድቅ ነበር፣ እማዬ። ዳኛዋ ቁጣ ነው አለች። ቁጣ አይደለም። ካሜራው ያየው ጀርባዋን ነው፤ እኔ ፊቷን አይቻለሁ። እንደዚያ የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እናቴ ሞታለች» አለች እናቷ። «ፈርታም ትጩህ ተቆጥታ፣ እናቴ ሞታለች።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«በየቀኑ አውቃለሁ።»

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጪ ማካፋት ጀምሯል። ስትዞር የቲሊን ዓይን አላየችም።

«መኪናው ውስጥ ነኝ» አለችና መንገድ ጀመረች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። «ኮትሽን ቆልፊ። ይበርዳል።»

ከዚያ ወጣች።

ኮሊን ከኮሪደሩ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የእህቱን ኮት ጎኑ አስቀምጦ ምርኩዟን በጉልበቶቹ መሀል ይዟል። ቲሊ ስትመጣ አይቶ ለመነሣት ሞከረ።

«ጠበቃዋ ሄደዋል?» አለችው።

«ታች ነው፣ ከሷ ጋር። ይመጣል።»

«የምነግራቸው ነገር አለኝ። እስኪመጡ እጠብቃለሁ።»

ኮሊን አየት አደረጋት። ከዚያ ኮቱን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ ቲሊም ቦታው ላይ ተቀመጠች።