ከደጃፍ የቀረው ጆግ

ደራሲው ተክለወልድ ጽሑፉ ላይ እንደተደፋ ሞቶ የተገኘው በ2003 ዓ.ም.፣ የሐምሌ ሙቀት ጅቡቲ ላይ በጨከነበት አንድ ዓርብ ማምሻውን ነው። ሰውየው በሥራ ቀን የወደብ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ጸሐፊ፣ በዕረፍቱ ደግሞ በካርታ የሌሉ መንግሥታት ፈጣሪ ነበር። አርሂባ ሰፈር ያለው ክፍሉ ከውጭ ተቆልፏል። ቁልፉ ከበሩ ጎን ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከምስማሩ ሥር ደግሞ እስከ አፉ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጆግ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ጀላሉዲን ሬሳውን አየ፤ ጆጉን ግን ከሬሳው አብልጦ አየው። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። በዚህም ምክንያት ሐበሻ በሞተ ቁጥር የሚጠሩት እሱን ነው፤ ደስ ብሎት ግን አያውቅም። ሐኪሙ ነገሩን በአጭሩ ዘጋው። ሟቹ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፤ የራሱ የውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛው ሥር ተደፍቷል። ሙቀትና ጥም ገደለው እንጂ የሰው እጅ አልነካውም።

«ታዲያ ይሄን ጆግ የማን እጅ አመጣው?» አለ ጀላሉዲን።

ሐኪሙ ይህ የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ነግሮት ሄደ።

አከራይዋ እትዬ በለጡ ዓይናቸው አብጧል። በሩን የቆለፉት እሳቸው ናቸው፤ ያዘዛቸው ግን ራሱ ሟቹ ነው። ቀትር ላይ ጫት ሲገባ ከተማው ሁሉ ሥራ ይፈታል፤ ተክለወልድም ካልቆለፉበት ጽሑፉን ጥሎ ከሰው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ቆልፈውበት ማምሻውን ይከፍቱለታል። ጆጉ ከእሳቸው ፍሪጅ የወጣ ነው፤ ግቢው በሙሉ ይጠጣበታል። ማን እንዳወጣው አያውቁም። ሊከፍቱ ሲመጡ እግራቸው መትቶት ሊደፋው ምንም አልቀረውም።

«ሲጣራ አልሰሙትም?»

«ኧረ ሰምቻለሁ። ‹ውሃ ስጡኝ፣ ውሃ ስጡኝ› ይላል። ልጄ፣ ይሄ ሰው ሲጽፍ እኮ ይጮኻል። አንድ ቀን ንጉሥ ነው፣ አንድ ቀን ዘንዶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ‹ታረድኩ› ሲል ዱላ ይዤ ደርሼለት ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

የጭነት መኪና ደላላው ጎሳዬ፣ የሟቹ የልብ ወዳጅ፣ ፊት ለፊት ካለው ክፍል ጫቱን ይዞ ጩኸቱን ሰምቷል። እሱም ልብ ወለዱ ነው ብሎ ተወው። ጀላሉዲን ወዳጁ ያሳተመውን መጽሐፍ አንብቦት እንደሆነ ሲጠይቀው ተቆጣ።

«ፈርሞ የሰጠኝን? ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።»

«ጀግናው ሲጠማው ምን ያደርጋል?»

«ከምንጩ ይጠጣል። ምንጩን እንዴት አድርጎ እንደገለጸው ብታይ።» ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር።

የሟቹን ግድግዳ ተጋርታ የምትኖረው ሀዊ ናት። ግቢው ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። እትዬ በለጡ እንደነገሩት የመን ልትሻገር ሄዳ፣ ጀልባው ተገልብጦ፣ ከኦቦክ ጠረፍ ብቻዋን የተመለሰች ልጅ ናት። ተኝታ እንደነበር፣ ምንም እንዳልሰማች፣ መጽሐፉንም ገልጣው እንደማታውቅ ነገረችው። ጀላሉዲንን ይህ ገረመው። ማዶ ያለው የሰማውን ጩኸት እዚሁ ያለችው አልሰማችም። ደግሞስ ሁሉም አንብቤዋለሁ በሚልበት ግቢ እሷ ብቻ ለምን ትክዳለች?

በማግስቱ ከሟቹ አልጋ ሥር ከተደረደሩት ያልተሸጡ የመጽሐፍ ካርቶኖች አንድ ቅጂ አውጥቶ አነበበ። «የአሞሌ ነገሥታት» ይላል። ሊስቅበት ነበር የጀመረው፤ ሳይስቅ ጨረሰው፤ በራሱም አፈረ። ከዚያ በሟቹ ክንድ ሥር የነበረውን የሁለተኛውን ቅጽ ምዕራፍ አነሳ። እትዬ በለጡ እንደነገሩት፣ ተክለወልድ ሐሙስ ማታ ለግቢው ሰው ያነበበው ይህንን ነው። ጀላሉዲን አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

እሑድ ጠዋት ሁሉም የተፈረመለትን ቅጂ ይዞ ግቢው ውስጥ እንዲሰበሰብ አዘዘ። የጎሳዬ ቅጂ በወበቁ ገጽ ከገጽ ተጣብቋል። የእትዬ በለጡ ከፍሪጁ እግር ሥር ስለወጣ መሐሉ ጎድጉዷል። ሀዊ የለኝም አለች።

«ከትራስሽ ሥር ያለውስ?» አሉ እትዬ በለጡ በየዋህነት፣ ሄደውም አመጡት። ጠርዙ በጣት ቅባት ጠቁሯል፤ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል።

ጀላሉዲን መጽሐፉን ጆጉ ጎን አኖረው።

«የዚህ መጽሐፍ ሰዎች ከአሞሌ ጨው የተሠሩ ናቸው» አለ። «ጠብታ ውሃ ከነካቸው ይሟሟሉ። ምንጭ የሚባል ነገር የለም፣ ጎሳዬ። ‹ውሃ ስጡኝ› የሚል ሰው በዚያ አገር ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ጩኸቱን ልብ ወለድ ነው ብሎ የተወ ሰው መጽሐፉን አላነበበም።»

ጎሳዬ ቅጂውን ከጉልበቱ ሥር ሸሸገ።

«ጆጉን ያመጣው ግን ጩኸቱ የእውነት መሆኑን አውቋል። ያወቀው ስላነበበ ነው። ከመሐላችሁ አላነበብኩም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማንበቡ እንደሚያጋልጠው ገብቶታል። ሀዊ፣ ቁልፉ ፊትሽ ተሰቅሏል። ውሃው እጅሽ ላይ ነው። ከደጃፉ ለምን ተመለስሽ?»

ሀዊ መጽሐፏን ከጆጉ ጎን አነሳች።

«ልከፍትለት ነበር የመጣሁት» አለች። «ቁልፉን ስነካው ሐሙስ ትዝ አለኝ። ባሕር ላይ የእህቴን እጅ እኔው እንደለቀቅኩት የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነበር። እሱ የጨው ልጅ አድርጎኝ፣ እህቴን ጎርፍ ውስጥ አሟሙቶ፣ እናንተ ፊት አነበበው። ጥቂት ይጠማ ብዬ ጆጉን እዚያው ትቼው ተመለስኩ። ዝም ሲል ወደ ጽሑፉ የተመለሰ መሰለኝ። ሁላችሁም ጉዴን ሰምታችሁ፣ እኔ በየት በኩል ቀና ብዬ ልይ?»

ጀላሉዲን ወደ ጎሳዬ ዞሮ ሐሙስ ዕለት የተነበበው ምን እንደነበር ጠየቀው። ጎሳዬ ተንተባተበ። መኪና ጋላፊ ኬላ ላይ ቆሞበት ስልክ ሲያወራ ነበር፤ ንጉሡ የተዋጋ ይመስለዋል። እትዬ በለጡም ተክለወልድን ደስ እንዲለው አንገታቸውን ይነቀንቁለት እንደነበር፣ አንዲት ቃል ግን እንዳልያዙ አመኑ።

ሀዊ አንዱን አየች፤ ሌላዋን አየች።

«አልሰማችሁም?»

«አሁን ነው ልጄ የሰማነው» አሉ እትዬ በለጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።