ሰው ላለበት ክፍል ብቻ

ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሰው ፊት ማውራት ይከብደኛል፤ መጻፍ ይሻለኛል።

የምጽፈው የደረሰብኝን ነው። አንዲት ነገር አልጨመርኩበትም።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለንደን፣ ኤድመንተን፣ የእናቴ ቤት፤ አስፋልቱ የቀለጠበት ያ የፈረንጆቹ 2022 ሰመር...

ስሜ ናዲራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። ወንድሜ ሬድዋን ከዚያ በፊት ከነበረው ሰመር ጀምሮ የለም። መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ሙቀት ጣለው። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

እኔ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ጠበቀኝ... እንባው አልመጣም።

በዓመቱ ሐኪሙ የእናቴ ልብ ሙቀት እንደማይችል ነገረን። "የምትተኛበት ክፍል መቀዝቀዝ አለበት። አለዚያ..." አለና እኔን አየኝ። አልጨረሰውም።

ችግሩ እናቴ ነፋስ ትፈራለች። አውቶቡስ ላይ የማታውቀውን ሰው ተሻግራ መስኮት የምትዘጋ ሴት ናት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ኤሲ ሱቅ ወስጄ ባሳያት፣ "ይሄማ ፊቴ ላይ ሊተፋብኝ ነው" አለች።

ስለዚህ በቱቦ የሚነፍሰውን፣ ዳክት ያለውን መረጥን። ማሽኑ ጣሪያ ሥር ይቀመጣል፣ ቱቦዎቹ ከኮርኒሱ በላይ ይሄዳሉ። ክፍል ውስጥ የሚታየው የአየር መውጫዋ ብቻ ናት። ቀጭን ወንፊት ናት።

ሊለካ የመጣው የአገራችን ልጅ ነው፤ ባዩ ይባላል።

"እትዬ ሱልጣና፣ በዚህ አገር አሥራ አንዱን ወር ሂተር ሠሪ ነው የሚፈለገው። እኔ የምታወሰው ለአንዷ ወር ነው" አለ እየሳቀ።

"አንተ ልጅ፣ ብቻ ብርድ አስመትተህ እንዳትገድለኝ።"

"ኧረ ምን በወጣኝ! ነፋሱ ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቁትም።"

ከዚያ አሠራሩን አስረዳን። እያንዳንዱ ወንፊት አጠገብ የሰው ሙቀት የምታይ ትንሽ ዓይን አለች። ሰው ካለ ወንፊቱ ይከፈታል። ባዶ ከሆነ ይዘጋል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ለየክፍሉ አንዳንድ አረንጓዴ መብራት ይኖራል።

"ሰው ላለበት ክፍል ብቻ ነው የሚነፍሰው" አለ። "ስንት ናችሁ? የማሽኑን አቅም የምመርጠው በሰው ብዛት ነው።"

"ሦስት" አለች እናቴ።

ቀና ብዬ አየኋት።

"እኔ፣ እሷ፣ ሬድዋን። ለሱ ክፍል ጥሩ አድርገህ ሥራ፤ ሙቀት አይችልም።"

እናት በእንግዳ ፊት አትታረምም። እንደዛ ነው ያደግነው። ሻዩን ቀዳሁለትና በር ድረስ ሸኘሁት።

"ሁለት ነን" አልኩት በሹክሹክታ።

"እትዬ ግን..."

"ሁለት። ወንድሜ ሞቷል።"

ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። "ነፍስ ይማር።"

"አሚን።"

"ቱቦውን ለሦስቱም ክፍል እዘረጋዋለሁ፣ እትዬ እንዳይከፋቸው። ማሽኑ ግን የሁለት ሰው ይሆናል። ሦስቱም ከተከፈቱ አያቀዘቅዝልሽም፣ እሺ?"

"አይከፈትም" አልኩ። "ባዶ ክፍል ነው።"

...

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። እናቴ ተኛች። ከንፈሯ ቀለሙ ተመለሰ።

አንድ ቀን በኮሪደሩ ሳልፍ መብራቶቹን አየሁ።

የእናቴ፣ አረንጓዴ።

የሬድዋን፣ አረንጓዴ።

ባዩ ጋ ደወልኩ። "ፀሐይ ገብቶበት ይሆናል። መጋረጃውን ዝጊው" አለኝ።

ገባሁ። መጋረጃው ዝግ ነበር። ከሞተ ጀምሮ ማንም አልከፈተውም። ክፍሉ ቀዝቅዟል...

አልደነገጥኩም። እንደ ድሮ ብሆን እጮህ ነበር። በሩን ቀስ ብዬ መለስኩት።

እናቴ ደግሞ ሻርፗን ወንፊቷ ላይ መወተፍ ጀመረች። "ማጅራቴን ያዘኝ" ትላለች። ተኝታ ስታሸልብ እየገባሁ አወጣላታለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ልነቅለው ስገባ ሻርፑ ተነቅሏል። ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።

ለሁለት፣ ከዚያ ደግሞ ለሁለት። ጠርዙ ከጠርዝ ጋር ተገጣጥሞ።

ሬድዋን መስገጃውን የሚያጥፈው እንደዛ ነበር።

"እማ፣ ማን አወጣው?"

"እሱ ነዋ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ካንቺ ይልቅ እሱ ያስብልኛል።"

...

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እናቴ ክፍል ስገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ትራሷ በላብ ርሷል። አፏን ከፍታ ነበር የምትተነፍሰው።

ወደ ኮሪደር ሮጥኩ። ሦስቱም መብራት በርቷል። እኔ ከክፍሌ ወጥቼ እንኳ የኔ አልጠፋም።

"አምቡላንስ ጥሪ" አለኝ ባዩ ስደውልለት። "እስኪመጣ አንዱ ክፍል ይዘጋ። አንዱ ሰው ይውጣ።"

"እኔ ኮሪደር ነኝ።"

"ታዲያ... ሌላው ይውጣ።"

አምቡላንስ ጠራሁ። ቆዩ አሉኝ፤ በዚያን ቀን ከተማው ሁሉ ይደውል ነበር። እርጥብ ፎጣ ግንባሯ ላይ አደረግኩላትና የሬድዋን በር ጋ ቆምኩ። ግንባሬን እንጨቱ ላይ አስደገፍኩ።

"ሬድዋን..."

ከበሩ ሥር ቀዝቃዛ አየር ይወጣል።

"እማን ሞቃት። ልትሞትብን ነው። አንድ ሰው ብቻ ይውጣ እባክህ። አንተም ብትሆን፣ እኔም ብሆን... እሷ ብቻ ትዳን።"

እንደዛ አልኩ። ቃል በቃል።

ከኮርኒሱ በላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

የእናቴ ወንፊት በኃይል መንፈስ ጀመረ። በተከፈተው በሯ መጋረጃዋ ሲወዛወዝ አየሁ። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ረጋ አለ። ተመስገን ብዬ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

የኔ ወንፊት ዝግ ነው።

እጄን ከወንፊቱ አጠገብ ካለችው ትንሽ ዓይን ፊት አወዛወዝኩ። ጠጋ ብዬ ፊቴን አስጠጋሁላት።

አልተከፈተም።

ወጥቼ መብራቶቹን አየሁ። የእናቴ በርቷል። የሬድዋን በርቷል። የጠፋው የኔ ነው።

ከእናቴ ክፍል ሹክሹክታ ሰማሁ።

"ናዲራስ?" አለች እናቴ።

የመለሰላትን አልሰማሁም።

"እሺ" አለች። "እሷስ ዝምተኛ ናት። አታስቸግርም።"

...

እናቴ ድናለች። ሐኪሙ ራሱ ገርሞታል።

የኔ መብራት ግን ከዚያ ቀን በኋላ በርቶ አያውቅም። ክፍሌ ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ እንጃ... አይሰማኝም። ሻርፑ ጠዋት ጠዋት ታጥፎ ወንበሩ ላይ አለ።

በመከር ባዩ ማሽኑን ቼክ ሊያደርግ መጣ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። ቀና ብሎ አየ። ሰላም አላለኝም።

"እትዬ፣ አሁን ስንት ናችሁ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሁለት" አለች እናቴ። "እኔና ሬድዋን።"

ባዩን አልገረመውም። አጠገቤ አልፎ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። የጠፋችውን መብራት በጣቱ ነካት።

"ነፍስ ይማር" አለ።

"አሚን" አለች እናቴ።

እኔ ዝም አልኩ። በእንግዳ ፊት ነበር።