ጆሮ የሚያደነቁር ዝምታ

ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት፤ መርማሪው ያን ጊዜ የአምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበሩ። ማለዳ ተጠርተው የአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሲወጡ፣ ኮንስታብሉ ከላይ ጠበቃቸው።

«ነገሩ ያለቀ ነው ጌታዬ። የከሰል ጭስ ነው፤ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ አደረ። እሳቱን ያስገቡት የሟቹ እኅት ናቸው። ወደ ጣቢያ የሚወስዳቸው መኪና ታች ቆሟል።»

«መኪናው ይቆይ፤ እኔም ልቆይ» አሉ መርማሪው።

ሟቹ፣ ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ የሱፍ ቆባቸውን እስከ ማጅራታቸው ስበው፣ ጠረጴዛቸው ፊት እንደ ተቀመጡ ነበሩ። ያንቀላፉ እንጂ የሞቱ አይመስሉም። እግራቸው ሥር ያለው ከሰል አመድ ሆኗል። በግድግዳው ዙሪያ፣ በጫማ ሣጥኖች ውስጥ፣ ብዙ ሺህ ካርዶች ተደርድረዋል። መምህሩ ዐሥራ አንድ ዓመት የደከሙበት መዝገበ ቃላት፣ እንግሊዞች እሳትንና ውኃን ባንድ ቀንበር የሚጠምዱበትን፣ ግማሹ ግማሹን የሚክድ የሚመስለውን አባባላቸውን የሚፈታ ነበር። መርማሪውም ያንን ቋንቋ ከአርባ ዓመታቸው በኋላ ብቻቸውን የተማሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ካርዶቹን ሳይቸኩሉ አነበቧቸው። ከዚያ በሟቹ ቀኝ መዳፍ ላይ ቆዳው ተልጦ የዳነ ጠባሳ አዩ።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

እኅትየው ከደጃፉ አልፈው አልገቡም። «በረዶ ነው» አሉ። «‹የሚያቃጥል ብርድ› የሚል ነገር አጋጠመውና ቆዳው እስኪላጥ በረዶ ጨብጦ ዋለ። ‹መራራ ጣፋጭ› የሚለውን ሊጽፍ ደግሞ ሳምንት ሙሉ እሬትና ማር ሲልስ ሰነበተ። በራሱ ላይ ሳያየው አይጽፍም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ጠዋት ተጣላን። ‹በዚህ ዕድሜህ ልጅ ሆንክ› አልኩት። በዐሥር ሰዓት እሳቱን ይዤ ገብቼ ‹ይቅር በለኝ› ስለው ዘወር ብሎም አላየኝ። መስኮቱን አንድ ስንዝር ከፍቼለት ወጣሁ። አኩርፎኛል ብዬ ለእራትም አልጠራሁት። ሌሊቱን ሙሉ ዝምታው ከላይ ሲወርድብኝ አደረ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እሰሩኝ፣ ግድ የለኝም። ሳይታረቀኝ ሞተ።»

ከመምህሩ ክፍል በታች የሚሠራው አናጢ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደ ሰካ ቀረበ።

«ከመምህሩ ጋር ጠብ ነበራችሁ ይባላል።»

«ጠብ ቢሉትም ያስኬዳል። እኔ መዶሻ ሳነሣ እሳቸው ወለሉን በእግራቸው ይደበድባሉ። እኔ ምስማር እመታለሁ፣ እሳቸው እኔን። ትናንት ግን ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቁምሣጥን ስገጥም አንዴም አልረገጡም። ሽማግሌው ወይ ታረቁኝ፣ ወይ ደነቆሩልኝ ብዬ…» እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

ሦስተኛው የመምህሩ ረዳት ነበር፤ ኮሌታው የተተኮሰ፣ ዓይኑ ያልተኛ ሰው።

«በዐሥራ አንድ ሰዓት ስወጣ፣ በሩን ሳልከፍት ‹ጋሼ፣ መስኮቱን ልክፈትልዎ?› አልኳቸው። ‹ተወው፣ እኅቴ ለብርዱ ብላ ዘግታዋለች፤ ማንም አይረብሸኝ› አሉኝ።»

«በዚያ ሁሉ መዶሻ መካከል ሰማሃቸው?»

«ድምፃቸውን ለምጄዋለሁ።»

መርማሪው ወደ ክፍሉ ተመለሱ። የወረቀት መጣያው በረዳቱ እጅ በተጻፉ፣ በተቀደዱ ካርዶች ሞልቷል፤ በእያንዳንዱ ላይ መምህሩ በቀይ ቀለም «ሳይቀምስ የጻፈው» ብለዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርድ ብቻ ቀርቷል። አባባሉ «ጆሮ የሚያደነቁር ዝምታ» ነው፤ ከሥሩ በመምህሩ እጅ «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስክተኛ ድረስ እሞክረዋለሁ፤ ነገ እጽፈዋለሁ» የሚል አለ። መርማሪው የሟቹን ቆብ በቀስታ ገልጠው አዩና መልሰው ሸፈኑት።

ሦስቱንም በአናጢው ክፍል፣ ባልተላገ እንጨት ላይ አስቀመጧቸው።

«መምህሩ ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ሁለቱንም ጆሮዎቻቸውን በጥጥና በሻማ ሰም ደፍነዋል» አሉ። «ወለሉን ያልረገጡት ለዚህ ነው፤ መዶሻውን አልሰሙም። ሰሙ በሙቀቱ ገብቶ የጆሯቸውን ቅርጽ ይዞ ደርቋል፤ አንዴ ቢወጣ ተሰባብሮ ይቀራል እንጂ እንዲያ ገጥሞ አይመለስም። እንግዲህ በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ በተዘጋ በር፣ ከመዶሻ ጋር ላናገራቸው ሰው ማን መለሰለት?»

ረዳቱ ኮሌታውን አስተካከለ።

«በሩን አልከፈትኩም ብለሃል። እኅታቸው ስንዝር የከፈቱት መስኮት በዚያ ሰዓት መዘጋቱን ታዲያ ማን ነገረህ? እሳቸው አልነገሩህም። ያልተነገረውን የሚያውቅ የዘጋው ሰው ነው። ገብተህ ስትዘጋ ዘወር አላሉም፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለህ። በሩንም ገጥመህ ወጣህና ጥፋቱን በእኅታቸው ላይ ጣልከው።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት» አለ ረዳቱ መሬቱን እያየ። «ስሜን ከመዝገበ ቃላቱ ሽፋን ሊፍቁት ነበር። ሁሉን መቅመስ አለብኝ እንዴ? ሰው ያልሞተውን ሞት አይጽፍም?»

ኮንስታብሉ ክንዱን ይዞ አወጣው።

መርማሪው ወደ እኅትየው ዞሩ። «እትዬ፣ ነጻ ነዎት። ደግሞም አላኮረፉዎትም። ይቅርታ ሲጠይቁ አልሰሙዎትም።»

እኅትየው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«እንግዲያው እስካሁንም አልሰማኝም ማለት ነው» አሉ።

ከእንጨቱ ላይም ተነሡ።

«ከዚህ ቤት ሳይወጣ ያንን ነገር ከጆሮው ያውጡልኝ።»

ሐኪሙ መጥቶ አይቶ ከመዘገበ በኋላ፣ መርማሪው በገዛ እጃቸው ሰሙን ከሁለቱም ጆሮ አወጡ። እኅትየው ገቡ፤ መርማሪውም በሩን ዘግተው ደረጃው ላይ ቆሙ። አናጢው ሳይነገረው መዶሻውን አስቀመጠ። ከውስጥ የተባለውን ማንም አልሰማም።

ዘመኑ ስለ ራቀ፣ በሰዓቱም ሆነ በተነገረው ቃል የተሳሳትሁት ቢኖር፣ ያን ቤት የሚያውቅ አንባቢ እንዲያርመኝ በትሕትና እለምናለሁ።