ከመሣሪያ ሳጥኑ ጀርባ የቀረው ቀለም

ኦዲል በፀደይ መግቢያ ፈረንሳይ ውስጥ ሎዋር ወንዝ ዳር ወዳለው ትንሽ ሙዚየም የመጣችው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ አንድ አሮጌ ታንክ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምን ቀለም ተቀብቶ እንደነበር ለማወቅ ነው። የቀኝ ጎኑ ቀለም ድሮ ተልጧል። በግራው ላይ ግን በየዘመኑ የተደረበ ወፍራም አረንጓዴ አለ፤ እሷም በአጉሊ መነጽር እያየች በምላጭ ጫፍ ትፍቀዋለች።

የሙዚየሙ መካኒክ ኮረንታን ምሳውን ይዞ አጠገቧ መቀመጥ ለመደ። ዳቦውን ለሁለት ይቆርስና ትልቁን ይሰጣታል።

«ዛሬስ ምን አገኘሽ?»

«ሦስት ፍርፋሪ። አንዱ ዝገት ነው።»

«ሁለቱስ?»

«ያንተ ዳቦ።»

ይስቃሉ። ከዚያ ሳይቸኩሉ አብረው ይበላሉ።

ለእህቷ ሰርግ ወደ ከተማዋ ወደ ቦርዶ ሄዳ ስትመለስ ኮረንታን በር ላይ ጠበቃት። ታንኩ ላይ የነበረውን ሸራ በኩራት ገፈፈው። ግራ ጎኑ እንደ መስታወት ያበራል።

«በማሽን ላጥኩልሽ። እጅሽ አብጦ አይቼ...»

ኦዲል መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። «የምፈልገው ቀለም እኮ ከአረንጓዴው ሥር ነበር።»

«አረንጓዴው ብቻ የሚነሣ መስሎኝ ነው» አለ፤ ፊቱ ነጣ።

ቀለሙ ካልተገኘ ሥራዋ በዚያው ሳምንት ያበቃል። ታንኩ አረንጓዴ ይቀባል፣ እሷም ወደ ቦርዶ ትመለሳለች። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

በማግስቱ ለምሳ አልመጣም። ስትፈልገው ታንኩ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ከታንኩ ጎን የተገጠመውን የመሣሪያ ሳጥን የያዙትን የዛጉ ብሎኖች ዘይት እያጠጣ ቀስ በቀስ ያላላል።

«በእሳት ብታሞቃቸው ቶሎ ይለቁ ነበር።»

«ከጀርባው ቀለም ካለስ? ይቃጠላል። ሁለተኛ አልቸኩልም።»

አጠገቡ ተንበርክካ መብራቱን ያዘችለት። መሸት ሲል ሳጥኑ ተላቀቀ። ከተገጠመ ጀምሮ ማንም ነቅሎት ስለማያውቅ፣ ከጀርባው መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ቢጫና ቡናማ ቀለም፣ በመካከላቸውም ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። ጥጉ ላይ የመጫወቻ ካርታ ምልክት ግማሹ አለ፤ በዚያ ዘመን ታንኮቹ የየትኛው ቡድን እንደሆኑ የሚለዩት በዚህ ነበር። ኦዲል ብሎኖቹን እንዲያ አጥብቆ ያሰራቸውን፣ የማታውቀውን ሠራተኛ በልቧ አመሰገነች።

«ልብ ነው?» አለ ኮረንታን በተስፋ።

«ጥቁሩ ስፔድ ነው። አትመኝ።» እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

«ለሥራሽ ይበቃል?»

«ይበቃል። ገና ሌሎቹን ብሎኖችም ትፈታልኛለህ። በጋውን እዚሁ ነኝ። አመሰግናለሁ፣ ኮረንታን።»

«ለየቱ? ለላጥኩት ነው ለፈታሁት?»

«ለፈታኸው። ስለላጥከው ገና አስብበታለሁ።»

ዘይት የነካውን እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ሲፈልግ፣ እጁን ከነዘይቱ ያዘችው።